ሌንስ አድርጎ መዋኘት፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ባለመነጽሩ፦ ሰሞኑን "ኮንታክት ሌንስ አድርጌ ብዋኝ ችግር አለው?" የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ዓይን መለካትና ሌንስ መግጠም ነው። የዓይን ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ሌንስና ውኃ አይገናኙ። የገንዳውም፣ የሐይቁም፣ የባሕሩም፣ የቧንቧውም። ሌንሱን አውልቁና ቁጥር ያለው የዋና መነጽር አድርጉ። በሉ ጠይቁ።

ማይነስ አራት፦ ጋሼ፣ እኔ የምዋኝበት ገንዳ ክሎሪኑ ገና ከበር ይሸታል። ያ ሁሉ ክሎሪን እያለ ምን ጀርም ይተርፋል ብለው ነው?

ባለመነጽሩ፦ መጀመሪያ፣ ያ የሚሸትህ ንጹሕ ክሎሪን አይደለም። ክሎሪኑ ከዋናተኛው ላብና ሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ አፍንጫ የሚሰረስረውም ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው። ኃይለኛ ሽታ የንጽሕና ምልክት እንዳይመስልህ።

ሁለተኛ፣ ክሎሪን ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሁሉን ግን አይገድልም። እኔን የሚያሳስበኝ አካንታሜባ የሚባለው ነው። በዓይን የማይታይ፣ በውኃም በአፈርም ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። ኑሮ ሲከፋበት ወፍራም ሽፋን ሠርቶ እዚያ ውስጥ ይተኛል፤ በዚህ ጊዜ ገንዳ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን አይበግረውም። ሌንስ የሌለው ሰው ዓይን ውስጥ ቢገባ አብዛኛውን ጊዜ እንባ አጥቦ ይወስደዋል። ሌንስ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌንሱ ላይ ይጣበቃል፣ ሌንሱ ደግሞ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ላይ ለሰዓታት አስጠግቶ ይይዘዋል፣ ኮርኒያው ላይ ሌንሱ ራሱ የፈጠራት ትንሽ ጭረት ካለች በእሷ ይገባል። የዓይን ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በሽታው ሲጨምር ቢጣራ፣ ብዙዎቹ ታማሚዎች ቤት ውስጥ በጨው በጠበጡት ውኃ ሌንሳቸውን የሚያጥቡ ነበሩ። እዚያው አገር ከሚታመሙት 85 በመቶ ያህሉ ሌንስ አድራጊዎች ናቸው። በሽታው ብርቅ ነው፣ አላስፈራራችሁም። ግን የያዘው ሰው መጀመሪያ ላይ ሌሊቱን ጭምር በየሰዓቱ ጠብታ ያደርጋል፣ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ኮርኒያ እስከማስቀየር ይደርሳል።

ተሜ፦ አሜባ ማለት ያው የሆድ ነው? ፍላጅል ብንውጥለትስ?

ባለመነጽሩ፦ የሆዱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ፍላጅል አይነካውም። እንዳትሞክሩት።

ቢራቢሮ፦ ቆይ፣ ጋሼ "ሽንት" አሉ እንዴ? ገንዳ ውስጥ የሚሸና ትልቅ ሰው አለ?

ዋናተኛው፦ ሁሉም ይሸናል፣ የሚያምን ነው የሌለው።

ቢራቢሮ፦ ስለራስህ አውራ!

ተሜ፦ ሽንት የነካው ውኃ ቀለም የሚቀይርበት ኬሚካል አለ ይባላል እኮ።

ዋናተኛው፦ ልጆችን ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ ነው። ደግሞ ሻወር ሳይወስድ የሚገባው ይብሳል፤ ላቡም ቅባቱም ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው።

ባለመነጽሩ፦ ስለ ዓይን የሚጠይቅ አለ?

ዋናተኛው፦ እኔ አለሁ። ሌንስ አድርጌ ስዋኝ ስንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ትንሽ አላጋነኑትም?

ባለመነጽሩ፦ ቀበቶ ሳያስር የሚነዳም አብዛኛውን ቀን በሰላም ይገባል። ቀጣይ።

ሰላማዊት፦ ጋሼ፣ ትናንት ሳላስበው ከነሌንሴ ገባሁ። ስወጣ ደግሞ ሌንሱ ዓይኔ ላይ ተለጥፎ አልወጣ ብሎ አስጨነቀኝ። በስንት መከራ አወጣሁት። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ባለመነጽሩ፦ ይኼ ነው ጥያቄ ማለት። የገንዳና የሐይቅ ውኃ ከእንባ ይልቅ ጨው ያንሰዋል። ለስላሳው ሌንስ ያን ውኃ ሲጠጣ ቅርጹ ይለወጥና ኮርኒያው ላይ ጥብቅ ይላል። በዚያ ሰዓት በጥፍር ቆንጥጠሽ ከጎተትሽው የኮርኒያሽን የላይኛውን ቆዳ አብረሽ ትልጪዋለሽ፤ ለጀርሙ በር ከፈትሽለት ማለት ነው። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ በደንብ ታደርቂያለሽ፤ እርጥብ እጅም ውኃ ነው። ለሌንስ የተሠራ ማርጠቢያ ጠብታ ወይም የታሸገ ንጹሕ ሳላይን (ፋብሪካ የተዘጋጀ የጨው ውኃ) ጠብ ታደርጊና ዓይንሽን እያርገበገብሽ ትጠብቂያለሽ። ግማሽ ሰዓትም ቢፈጅ ይፍጅ። ሌንሱ በራሱ መንሸራተት ሲጀምር ያኔ ታወጪዋለሽ።

የአንድ ቀኑ ከሆነ ወዲያው ጣይው። የወሩም ቢሆን እኔ ጣይው እላለሁ፤ ካልሆነልሽ በሶሉሽን (በሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ) አሽተሽ፣ አለቅልቀሽ፣ በአዲስ ሶሉሽን ሌሊቱን ዘፍዝፊው። በትናንቱ ሶሉሽን ላይ መጨመር የለም። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበትን የሌንስ ሶሉሽን የምትጠቀሚ ከሆነ አብሮት በሚመጣው ማስቀመጫ ውስጥ ሙሉ 6 ሰዓት ይቆይ፤ ቀድመሽ ካደረግሽው ዓይንሽን ያቃጥልሻል። የዋኘሽበትን ሌንስ አድርገሽ እንዳትተኚ። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ካመመሽ፣ ከቀላ ወይም ብርሃን ካስጠላሽ በጊዜ ወደ ዓይን ሐኪም።

ኪያ፦ ባሕርስ? ጨው ስለሆነ ጀርም የለውም ይላሉ።

ባለመነጽሩ፦ አለው። መግቢያዬ ላይ ባሕር ብያለሁ።

ማሂ፦ ጃኩዚስ?

ባለመነጽሩ፦ ሙቅ ውኃ ነው፣ ይብሳል።

ኪያ፦ ሻወርስ?

ባለመነጽሩ፦ ኪያ፣ ሻወር ከምኑ ነው የሚወርደው?

አዲስ ገቢ፦ ዓይኔ ቀልቷል፣ ምን ላድርግ?

ባለመነጽሩ፦ የቱ ዓይን? ከመቼ ጀምሮ? ሌንስ ታደርጋለህ? ያምሃል? እንዲህ ብሎ መጠየቅ "መኪናዬ ቆመች" እንደማለት ነው። ሌንስ ካለ አሁኑኑ አውልቅና እስኪታይልህ አታድርግ። ሕመም ካለ፣ ብርሃን ካስጠላህ ወይም ከደበዘዘብህ ዛሬውኑ ታይ፤ ነገ አትበል። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ኮርኒያ ያቆስላል። ስትሄድ ሌንሱንም ማስቀመጫውንም ይዘህ ሂድ፣ ላቦራቶሪ ሊመረምሩት ይችላሉ። "ሌንስ አድርጌ ዋኝቻለሁ" ብለህ ንገራቸው፤ አካንታሜባ በመጀመሪያው ሰሞን ከዓይን ሄርፒስ ጋር ይምታታል፣ አንተ ካልነገርካቸው ላያስቡት ይችላሉ። ቤት የተረፈች ጠብታ አታድርግ። በተለይ ስቴሮይድ ያለባት ለጊዜው ቅላቱን ታጠፋልህና በሽታው ከሥር ይባባሳል።

ማሂ፦ የአንድ ቀን ሌንስ አድርጌ ከላይ ጥብቅ ያለ የዋና መነጽር ባደርግስ?

ባለመነጽሩ፦ የግድ ካልሽ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ እንደወጣሽ አውልቀሽ መጣል። አደጋው ይቀንሳል፣ አይጠፋም።

ዮኒ፦ ላሲክ (የዓይን ቁጥር የሚያስተካክለውን የሌዘር ቀዶ ሕክምና) ከተሠራሁ በኋላ መቼ ልዋኝ?

ባለመነጽሩ፦ የሠራህን ሐኪም ጠይቅ።

ቢራቢሮ፦ ለፎቶ ብቻ የሚደረገው ባለቀለሙ ሌንስስ?

ባለመነጽሩ፦ ሌንስ ሌንስ ነው።

ማይነስ አራት፦ ጋሼ፣ ቁጥር ያለው የዋና መነጽር ያሉት ነገር እውነት አለ? እንደ መነጽር ያሳያል?

ባለመነጽሩ፦ እፎይ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሳጣ ነው የቆየሁት! አለ፣ በደንብም ያሳያል። ሰው ራቁት ዓይኑን ውኃ ውስጥ ሲከፍት ሁሉ ነገር የሚደበዝዝበት ምክንያት አለው። ኮርኒያ ብርሃን የሚያጥፈው ከፊቱ አየር ስላለ ነው፤ በአየሩ ፋንታ ውኃ ሲመጣ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ያጣል። የዋና መነጽር አየሩን ይመልስልሃል። ስለዚህ ቁጥርህ ውኃ ውስጥም ያው የምታውቀው ቁጥር ነው።

ስትገዛ የመነጽር ማዘዣህን ተጠቀም፣ የሌንሱን አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሁለቱ ይለያያሉ፤ በመነጽር ማይነስ 6.00 የሆነ ሰው በሌንስ ወደ 5.50 ይወርዳል። ዝግጁ ሆነው የሚሸጡት አብዛኞቹ በግማሽ ቁጥር ልዩነት ነው የሚሄዱት። ያንተ መሃል ላይ ከወደቀ ጉልበቱ ዝቅ ያለውን ያዝ። አስቲግማቲዝም (የኮርኒያ ጉብታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆን) ካለህ የሲሊንደሩን (ማዘዣው ላይ ለእሱ የተጻፈውን ቁጥር) ግማሽ ስፌሩ (ዋናው ቁጥር) ላይ ትደምራለህ፤ ስፌር ማይነስ 3.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.00 ከሆነ ማይነስ 3.50 ትገዛለህ። ሲሊንደሩ ትልቅ ከሆነ ይኼ ሂሳብ አይበቃም፣ በልክ ማሠራት ነው። ግራና ቀኝ ከተለያየ ደግሞ ለየብቻ የሚገጣጠም ፈልግ።

ልኩን ለማየት ማሰሪያውን ሳታጠልቅ ዓይንህ ላይ ጫን አድርገው። ትንሽ ተለጥፎ ከቆየ ይሆንሃል፣ ወዲያው ከወደቀ ውኃ ያስገባል። ማሰሪያ በማጥበቅ አይስተካከልም፤ ዓይንህ ዙሪያ ክብ ምልክት ይዘህ መውጣት ብቻ ነው። ውስጡን ደግሞ በጣት አትጥረግ። ጉም የሚከላከለው ቅብ ስስ ነው፣ ይላጣል፤ ከዚያ "ጭጋግ አስቸገረኝ" ብለህ ትመጣለህ።

ዋናተኛው፦ ወደ ታች መጥለቅም ይቻላል በሱ?

ባለመነጽሩ፦ ጥልቅ ከሆነ አይሆንም። አፍንጫህ ውጭ ስለሆነ ግፊቱን የምታመጣጥንበት መንገድ የለህም፣ መነጽሩ ዓይንህን ይመጠዋል። ለጠላቂ አፍንጫ የሚሸፍን ማስክ አለ፤ እሱም ላይ ቁጥር ይገጠማል።

ኪያ፦ ማታ አድርገው የሚተኙበት ሌንስ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቀን ያለ ምንም መዋኘት ይቻላል አሉ።

ባለመነጽሩ፦ ኦርቶኬ ነው። አዎ፣ ማታ ኮርኒያውን ይቀርጽና ቀን ዓይንህ ባዶ ይሆናል፣ ለዋናተኛ ይመቻል። ግን ሌንሱ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንህ ላይ ነው። በቧንቧ ውኃ ካለቀለቅኸው ከገንዳው የሸሸኸውን ነገር መኝታ ቤትህ አስገባኸው።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ በሌንስ መዋኘት ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ሰላማዊት፦ ኧረ በናትህ ከላይ አንብብ።

ማይነስ አራት፦ ጋሼ የመጨረሻ። ቀኜ ስፌር ማይነስ 4.25፣ ሲሊንደር ማይነስ 0.50፤ ግራዬ ማይነስ 3.50 ብቻ። ምን ልግዛ?

ባለመነጽሩ፦ ቀኝ 4.50፣ ግራ 3.50። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ድልድይ ስትገጥም ወደ ፊትህ የሚዞረው የትኛው ጎን እንደሆነ አይተህ ግጠም።