«ሥነ ነፍስ» ለምን አላልንም?

ጥያቄ፦ «ሳይኮሎጂ» ስሙን የወሰደበት የግሪኩ «ፕሲኬ» ነፍስ ማለት ነው። ዓረቦችም ትምህርቱን «ዒልም አን-ነፍስ» ይሉታል። እኛ «ሥነ ልቦና» ማለታችን ስሕተት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። «ነፍስ» ከ«ነፈሰ» ቤት ነው፤ ነፋስ፣ መንፈስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ ወንድሞቹ ናቸው፤ የዕብራይስጡ «ኔፌሽ»ም ዘመዱ ነው። ፕሲኬም መነሻው እስትንፋስ ስለሆነ «ሥነ ነፍስ ይባል» ባዮች በሥርወ ቃሉ አልተሳሳቱም። የሳቱት አማርኛ ቃሉን ምን እንደሚያሠራው ነው።

በአማርኛ ነፍስ በመጀመሪያ ሕይወት ነው፦ ነፍሰ ጡር፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ። ስለ ማስተዋል ስንናገር ወደ ልብ እንዞራለን፦ ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልቦና ይስጥህ። ለአጥፊ ሰው «ነፍስ ይስጥህ» ብሎ የሚመክር የለም። ተዝለፍልፎ የወደቀ «ነፍሱን ሳተ»፣ ያበደ «አእምሮውን ሳተ» ይባላል፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሐኪሙን ያሳስታል።

«ነፍስ ያላወቀ ሕፃንስ?» ይሉኛል። ነፍስ ለማስተዋልም ይውላል ለማለት ጠንካራ ማስረጃቸው ይህ ነው። ነገር ግን እዚያ ነፍስ የሚታወቀው እንጂ የሚያውቀው አይደለም፤ ሰዋስዉን ይመልከቱ፣ ተሳቢ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለሥጋ አራት ባሕርያት ይቆጥራሉ፦ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት። ለነፍስ ደግሞ ሦስት፦ ለባዊነት (አስተዋይነት)፣ ነባቢነት (ተናጋሪነት)፣ ሕያዊነት (ሕያውነት)። (ነፋስ ከነፍስ ጋር አንድ ሥር እያለው ከሥጋ ወገን መመደቡን ልብ ይበሉ።) «ለባዊ» ከግእዙ «ለበወ»፣ አስተዋለ፣ የመጣ ነው፤ «ልቡና»ም ከዚያው። ስለዚህ ሥነ ልቦና ከነፍስ ባሕርያት አንዱን፣ አስተዋይነቱን፣ መርጦ ይዟል። ምርጫውም ከሙያው ጋር ይስማማል፦ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪልሄልም ውንት በ1879 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ሲከፍት የለካው በስሜት ሕዋሳት የሚሰማውንና ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ ነበር። የማትሞተው ነፍስ በሰዓት አትለካም። እሷ ነፍስ አባት አላት፤ ለጭንቀት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ መድኃኒት ለሚያሻው ሕመም የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። ሦስቱን በአንድ «ነፍስ» መጠቅለል ሰውን የሚሄድበትን በር ያሳጣዋል።

የእኔ ቅሬታ ፊደሉ ላይ ነው። ከ«ለበወ» የወጣው «ልቡና» ነው፣ በካዕቡ «ቡ»። «ሥነ»ም ከ«ሠነየ» ስለሆነ በንጉሡ «ሠ» ይጻፍ። በ«ሥ» አልደራደርም። «ልቦና» ግን በመማሪያ መጻሕፍቱም በሰው አፍም ጸንቷል፤ «ልቡና» ለጆሮዬ የቱንም ያህል ቢጥም፣ «ልቦና» ብሎ የጻፈን ተማሪ ነጥብ መቀነስ አይገባም።