መልስ፦ ሚድጋር ላይ ያለቀው ጌም

አብሽር፣ የፋይናል ፋንታሲ 7 ሪሜክ ዲስክህ ሙሉ ነው። «ከሚድጋር ከተማ ስወጣ ጌሙ አለቀ፤ ኮምቦልቻ የሸጠልኝ ልጅ ግማሹን ነው እንዴ የሰጠኝ?» ላልከው፣ ልጁን ተወው፣ ምንም አላጠፋም። ሪሜኩ የ1997ቱ ጌም እንደ አዲስ የተሠራበት ነው፤ የመጀመሪያ ክፍሉ የሚያበቃው እዚያው ነው።

የጌሙ አሳታሚ ስኩዌር ኢኒክስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) አስተዋወቀው፤ በክፍል በክፍል እንደሚወጣም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተናገረ። መጀመሪያ ሳይበርኮኔክት2 የሚባል ድርጅት አብሮት ይሠራ ነበር። በ2017 ግን ስኩዌር ኢኒክስ ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ራሱ ቡድን ወሰደው። ጌሙ የወጣው በ2020 ነው። በ1997ቱ ጌም ሚድጋር የጥቂት ሰዓት መግቢያ ነበረች፤ አሁን ራሷን የቻለች ጌም ሆናለች። አንዳንድ ቦታ ተለጥጧል ባይ ነኝ፣ ውጊያው ግን ይክሳል።

ታሪኩ የሚቀጥለው በ2024 በወጣው «ሪበርዝ» ላይ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን ልብ በል፤ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ላይ አይሠራም። ደሴ ፒያሳ አንዱ «ለፒኤስ 4ም ለፒኤስ 5ም ይሆናል» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። እንደ ፒኤስ 5 ወይም ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያለ ጌሙን የሚያሠራ ማሽን ከሌለህ ብርህን ያዝ።