ፈረስ ሲያሳክከው ከደሙ ምን ይገኛል? (ጥያቄና መልስ)

ዛሬ የምንነጋገረው ትንኝ በፈረስ ቆዳ ላይ ስለሚያመጣው አለርጂ ነው። ዋናው ተጠያቂ ኩሊኮይደስ የሚባለው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆን ደቃቅ ደም መጣጭ ነው። ፈረሱ የሚያሳክከው ትንኙ ሲነክስ ከምራቁ ጋር የሚያስገባቸውን ፕሮቲኖች ሰውነቱ አልቀበል ስለሚል ነው።

ጥያቄ፦ ፈረሴ ጋማውን ከአጥር እንጨት ጋር እያሻሸ ጨረሰው። ደሙን አስመርምሬ አለርጂ መሆኑን ላረጋግጥ?

ከደሙ በፊት ፈረሱን ይመልከቱት። ጋማውን ገልጠው ሥሩን ይዩ፤ ፀጉሩ ተሰባብሮ አጥሯል? ቆዳው ወፍሮና ተጨማድዶ ቅርፊት ይዟል? የጭራው ሥር ተመልጦ እንደ መጥረጊያ ቆሟል? ከዚያ ወቅቱን ያስታውሱ። ትንኝ ሲበዛ ብሶ ትንኝ ሲጠፋ የሚሻለው ከሆነ፣ ዓመት ዓመትም በዚያው ጊዜ የሚመለስ ከሆነ፣ ከየትኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት የሚበልጥ ማስረጃ በእጅዎ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመስሉትን በሽታዎች ያስወግዱ። ቅማልን በጋማው ሥር በደማቅ ብርሃን ይፈልጉ። እከክ ከተጠረጠረ ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጭራው ብቻ ከሆነ የሚያሳክከው የፊንጢጣ ትል ሊሆን ይችላል፤ ግልጽ ፕላስተር ፊንጢጣው አካባቢ ተለጥፎ ይነሳና እንቁላሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህን ሁሉ ዘልሎ ደም መላክ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የትል መድኃኒት ብቻ የሚበቃው ፈረስም «አለርጂ» ተብሎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ውጤቱ «ለኩሊኮይደስ ፖዘቲቭ» ይላል። ታዲያ በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም?

አይደለም። በብዛት የሚሠራው የኤላይዛ ምርመራ የሚለካው በሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ በሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ የሚዘዋወረውን አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይጂኢ መኖሩ ፈረሱ ከትንኙ ጋር መተዋወቁን እንጂ መታመሙን አይናገርም። በየምሽቱ እየተነከሱ አንዴም የማያሳክካቸው ፈረሶች ደም ውስጥም ይገኛል። የሚያሳክከው አይጂኢው ቆዳ ውስጥ ባሉ ማስት ሴሎች በተባሉ የመከላከያ ሴሎች ላይ ተጣብቆ፣ ሴሎቹ ሂስታሚንና መሰል አሳካኪ ንጥረ ነገሮችን ሲለቁ ነው፤ ያንን ደግሞ የሴረም ምርመራ አያየውም።

ሌላው ችግር ምርመራው የሚሠራበት ንጥር ነው። ብዙ ጊዜ ትንኙ ከነክንፉና ከነአንጀቱ ተፈጭቶ ነው የሚዘጋጀው። ፈረሱን የሚያሳምመው ግን የምራቅ ዕጢው ፕሮቲን ነው። የቀረው የሰውነቱ ፕሮቲን ከሌሎች ነፍሳት ጋር ስለሚመሳሰል ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ያበዛል። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲና በአይስላንዱ ኬልዱር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የምራቁን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ለይተው በላቦራቶሪ አምርተዋል፤ በእነዚህ የሚሠራ ምርመራ የታመመውን ከጤነኛው በተሻለ ይለያል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን «የምትጠቀሙት የተፈጨ ትንኝ ነው ወይስ የተለየ የምራቅ ፕሮቲን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ በሽታው የከፋ ነው?

አይደለም። የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋርም አይነጻጸርም፤ እያንዳንዱ በራሱ መለኪያ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ምልክቱ ሁሉ እያለ ውጤቱ ነጌቲቭ መጣ። እንዴት ይሆናል?

ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙት ኩሊኮይደስ ኑቤኩሎሰስ የተባለውን ዝርያ ነው፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪ ውስጥ ማርባት ይቻላል። በእናንተ አገር ፈረስ በመንከስ የሚታወቀው ኩሊኮይደስ ኢሚኮላ ነው። በዝርያዎቹ መካከል የፕሮቲን መመሳሰል ቢኖርም ሙሉ አይደለም። በሌላ ትንኝ የተሠራ ምርመራ የእናንተን ፈረስ ቢያልፈው አይገርምም። ደሙ ትንኝ በሌለበት ወቅት ተወስዶ ከሆነም የሚዘዋወረው አይጂኢ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የሚነክሰው ጥቁር ዝንብ (ሲሙሊየም የተባለው ሌላ ደም መጣጭ) ነው፣ ምርመራው ውስጥ ግን አልተካተተም። ምልክቱና ወቅቱ ከተስማሙ በነጌቲቭ ወረቀት ምርመራውን አትዝጉት።

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ናሙናውን እንዴት ልውሰድ? ሁለት ጊዜ ልኬ «ተበላሽቷል» ተብሎ ተመለሰብኝ።

መጀመሪያ የትኛው ምርመራ እንደታዘዘ እወቅ፤ ቲዩቡ ይለያያል።

ለሴረም ምርመራ ከአንገት ደም ሥር 10 ሚሊ ሊትር ያህል ፀረ መርጊያ በሌለው ባለ ቀይ ክዳን ቲዩብ ውሰድ። ቲዩቡን አቁመህ በክፍል ሙቀት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ተወውና ይርጋ። ሳይረጋ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። ከዚያ በሴንትሪፉጅ 10 ደቂቃ አዙረህ ሴረሙን ወደ ንጹህ ቲዩብ ገልብጥ። ጥሩ ሴረም ጥርት ያለ ገለባማ ቢጫ ነው። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰዋል፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀጭን መርፌ፣ ሲሪንጁን በኃይል መሳብ፣ ደሙን በመርፌው በኩል ወደ ቲዩብ መግፋት፣ ወይም ቲዩቡን መናጥ ነው። ሴረሙ ለጥቂት ቀናት በፍሪጅ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። ሙሉ ደም ግን ፈጽሞ በረዶ እንዲሆን አታድርገው፤ ሲቀልጥ ሴሎቹ ሁሉ ይፈነዳሉ።

የታዘዘው በሕይወት ባሉ ሴሎች ላይ የሚሠራው ከሆነ (ባዞፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ትንኙን ሲያገኙ የሚለቁትን ሂስታሚን ወይም ሉኮትሪን የሚለካው ማለቴ ነው) ሄፓሪን የተባለ ፀረ መርጊያ ያለበት ቲዩብ ያስፈልጋል፤ ደሙም በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ይህ ምርመራ ከሴረሙ ይልቅ ለበሽታው የቀረበ ነው፤ ሆኖም የሚሠሩት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት የተላከ ናሙና ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ከዋለ ሴሎቹ ሞተው ይደርሳሉ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ላክ።

በወረቀቱ ላይ የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ከነቀኑ ጻፍ፤ በተለይ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ጋጣ ጀርመን ውስጥ ነው። ባለቤቷ ከአይስላንድ ፈረስ ልታስመጣ ነው፤ ከመግዛቷ በፊት ደሙ ይመርመር ትላለች።

ገንዘቧን ታቆየው። ይህ አለርጂ በአይስላንድ የሚኖሩ ፈረሶችን አይይዝም፤ የሚያመጡት ትንኞች እዚያ የሉም። ያልተነከሰ ፈረስ ደግሞ የሚለካ አይጂኢ አይኖረውም፤ ነጌቲቩ ስለ ወደፊቱ ምንም አይነግራትም። አድገው ወደ ዋናው የአውሮፓ ምድር የሚመጡት የአይስላንድ ፈረሶች እዚያው ከሚወለዱት ዘመዶቻቸው ይልቅ እጅግ በብዛት ይታመማሉ፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ትንኝ ካለበት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ወቅት በኋላ ነው። ከአይስላንድ የወጣ ፈረስ በሕግ ተመልሶ መግባት ስለማይችል «ካልተስማማው እመልሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። በምርመራው ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታለብሰው ጥሩ የትንኝ መከላከያ ልብስ ትግዛለት።

ጥያቄ፦ ታዲያ የደም ምርመራ ለምን ይጠቅማል?

በሽታው በምልክት ከተረጋገጠ በኋላ በመርፌ የሚሰጥ የማለማመጃ ሕክምና (ሰውነቱን ከአለርጂ አምጪው ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምድ) ሲታሰብ የሚካተቱትን አለርጂ አምጪዎች ለመምረጥ ይረዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚያሳክከው ፈረስ ላይ ደግሞ ከትንኝ ሌላ አቧራ ወይም የአበባ ብናኝ እንዳለበት ፍንጭ ይሰጣል። የምግብ አለርጂን በደም መፈለግ ግን አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ከ4 እስከ 8 ሳምንት መኖውን ለይቶ መሞከር ነው።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረስ ነው ያለኝ፤ በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ የለም። ምን ላድርግ?

ዋናው ምርመራ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ቅማሉንና እከኩን ካስወገድክ በኋላ ፈረሱን ለ4 ሳምንት ያህል ከትንኝ አርቀው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ ይግባ፣ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይውጣ፤ ኩሊኮይደስ የሚበረታው ጀምበር ስትጠልቅና ሲነጋጋ ነው። በርና መስኮቱን በጥቅጥቅ መረብ ሸፍን። የተራ አጎበር ቀዳዳ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ትንኙ እጅግ ደቃቅ ነው። ጋጣው አጠገብ ያለውን እርጥብ ፍግና ጭቃ አንሳ፤ የሚራባው እዚያ ነው። በአራት ሳምንት ማሳከኩ ጋብ ብሎ፣ ፈረሱን እንደ ቀድሞው ውጭ ስታሳድረው ከተመለሰ፣ መልሱን አገኘህ።

የኩሊኮይደስ ትንኝ የአፍሪካ ፈረስ በሽታንም ያስተላልፋል፤ በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ስለዚህ የማታው ጋጣ ፈረስህን ከሁለቱም ይጠብቀዋል። ትኩሳት ካየህ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ጉዳዩ አለርጂ አይደለምና በዚያው ቀን ለሐኪም አሳየው።