አሮጌውን ሎግቡክ አትጣሉ

ሰሞኑን አብራሪነት የምትማር አንዲት የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ስለ ሎግቡክ፣ አብራሪ የበረራ ሰዓቱን ስለሚመዘግብበት ደብተር፣ ደውላ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንከባለል የቆየበት ደቂቃ ሎግቡክ ላይ ይገባል ወይስ ከተነሳ ጀምሮ ነው?» ይገባል። የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመነሳት ብሎ መጀመሪያ ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ በረራው አልቆ እስኪቆም ነው። ሞተር አስነስታችሁ ሳትንቀሳቀሱ የቆያችሁበት አይቆጠርም። ስልኩን ስዘጋ ግን ሌላ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያኔ ለአንድ ድርጅት የሚያመለክቱ አብራሪዎችን ፋይል ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ልጁ እዚያው ድሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ቤተሰቡ ያለ የሌለውን አሟጦ ጎረቤት አገር ልኮ ነው ያስተማረው። ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ «አቦ...» ብሎ ጀመረና ዋጥ አደረጋት። ድሬነቱ አመለጠው። እኔም በሆዴ ሳቅኩ፣ ወደድኩትም።

ሎግቡኩን አወጣ። አዲስ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። ባልደረባዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሶሎ፣ መነሻ 16:30። ሎግቡኩ በዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ የተሞላ ስለሆነ ይሄ በእኛ ከምሽቱ 1:30 ነው። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች። ተማሪ ብቻውን በጨለማ? የሌሊት በረራ ዓምዱ ደግሞ ባዶ ነው። ሌላ ገጽ ገለጠ፣ እንዲሁ። ሌላም።

«አሮጌው የት አለ?» አልኩት።

«ጣልኩት ጋሼ። ሻይ ፈሶበት፣ ተቀዳዶ፣ ያሳፍር ነበር።»

የአስተማሪ ፊርማ የነበረው እዚያ የተጣለው ላይ ነው። አዲሱ ላይ ስማቸውን ራሱ ነው የጻፈው። ትምህርት ቤቱን እንጠይቅ ብንል ተዘግቷል። ፋይሉ ወደቀ። ልጁ አልተከራከረም። አመስግኖ ወጣ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የልጁ የእጅ ሰዓት በሐበሻ ነበር የተሞላው። አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩም። መጀመሪያ ላይ ያንን እያየ «10:30» ብሎ ይጽፍ ነበር። በኋላ አስተማሪው ተቆጣውና በዩቲሲ መጻፍ ጀመረ። ያው ከቀኑ 10:30 በዩቲሲ 13:30 ነው። የሐበሻው የቀን ሰዓት ላይ 3 ስትደምሩ ዩቲሲ ይመጣል። አሮጌውን ሲገለብጥ ታዲያ ሁሉም ላይ 3 ደመረ፣ ድሮውኑ ትክክል የነበረውም ላይ። 13:30 የነበረው 16:30 ሆነ። ቀን የበረረው ልጅ ወረቀት ላይ ማታ በረረ። ቆይቶ ራሱ ይሄንኑ ነገረኝ።

አልዋሸም ነበር ማለት ነው። ዛሬም ያንኑ ደብተር ይዞ ቢመጣ መልሴ አይቀየርም፤ ማመሳከሪያ የሌለው ሰዓት ሰዓት አይደለም። ግን «ቁጭ በል እስቲ፣ አብረን እንየው» ሊለው የሚችል ሰው ነበር እዚያ ክፍል ውስጥ። አገሩን የሚያውቅ፣ ሰዓቱን የሚያውቅ። ልጁ አሁን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ስልክ ይሸጣል። ሳልፍ ወንበር አውጥቶ ያስቀምጠኛል። ባያስቀምጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ድሬ በፈረንጆቹ 1902 ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እኛም ቤት የበላነው የባቡር እንጀራ ነው። አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የቀኑን ሥራ ደብተሩ ላይ ያሰፍር ነበር። እናቴ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ትለዋለች። አይሰማትም። ገጹ ሁሉ የግራሶ ጣት ነበር። ያን ደብተር የተጠራጠረ አለቃ ግን አላስታውስም።

የዛሬ ልጆች ከአውሮፕላን ስትወርዱ መጀመሪያ የምታወጡት ስልክ ነው። ፎቶው ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ላይክ ይሰበሰባል፣ ሎግቡኩ ቅዳሜ ይጻፋል። ቅዳሜ ደግሞ 1 ሰዓት ከ20 ነበር ወይስ ከ40? ማን ያስታውሳል። በአስርዮሽ ስትጽፉም 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 1.2 አይደለም፣ 1.3 ነው። 0.1 ማለት 6 ደቂቃ ነው። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ በኢካኦ (በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ደረጃ 200 ሰዓት፣ እውቅና ባለው ኮርስ ከሆነ 150 ይጠየቃል። እዚያ ለመድረስ ስትጣደፉ በየበረራው ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ መግፋት ያምራችኋል። እንዳታደርጉት። የአውሮፕላኑም መዝገብ አለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታያል። አስተማሪ አጠገባችሁ ካለ ዱዋል ነው፤ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ብትሆኑም አዛዡ እሱ ነው። ሲሙሌተር የራሱ ዓምድ አለው።

በአፕ ብቻ የምትመዘግቡ አላችሁ። አልወድም። ስልክ ይጠፋል፣ የድሬ ፀሐይ ላይ ከረሳችሁትማ አለቀለት። እውነቱን ልናገርና የእኔንም የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ አስገብታልኛለች። ድምሩ ከወረቀቴ ጋር አልገጥም ብሎ ተጨቃጨቅን። እሷ ልክ ሆና ተገኘች። እንግዲህ ሁለቱንም ያዙ።

ስትሳሳቱ አንድ መስመር ሰርዙበት፣ ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፉ፣ አጭር ፊርማችሁን አኑሩበት። ኮሬክተር አትቀቡ። ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በዩቲሲ ጻፉ። ፊርማና የላይሰንስ ቁጥር እዚያው በዕለቱ ተቀበሉ፤ አስተማሪ ሥራ ይቀይራል፣ አገርም ይቀይራል። ገጹ ሲሞላ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩት። ለቲክቶክ ያላችሁን ፍጥነት እዚህ ላይ አምጡት።