ዝናብ ሳይገባ ስለሚመጣው ነፋስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ነፋስ ናቸው። አንዷ እናት ያነሱትን ላስቀድም።

«ልጄ ህንድ፣ ኮልካታ ትማራለች። ሚያዝያ ላይ ማምሻውን ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ቤቱን የሚያናውጥ ነፋስ ይመጣል አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ምንድን ነው?» (ከካዛንቺስ)

እናቴ፣ ቤንጋሎች (የኮልካታና የባንግላዴሽ ሰዎች) ካልባይሻኪ ይሉታል። የባይሻክ ወር መዓት እንደማለት ነው። ባይሻክ የዓመታቸው መጀመሪያ ወር ነው፤ ባንግላዴሽ ውስጥ በእኛ ሚያዝያ 6 ይገባል። ወጀቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሞንሱን የሚባለው ዋናው የክረምት ዝናባቸው ሳይጀምር ይነሳል።

ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ከታች ይገባል። ከምዕራብ፣ ከቾታ ናግፑር አምባ በኩል ደግሞ ደረቅ ትኩስ አየር መጥቶ ከላይ ይጫነዋል፤ ልክ እንደ ድስት ክዳን። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ስታግለው የታችኛው አየር ክዳኑን ገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትልቅ ደመና ይሆናል። ዝናቡ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወርዳል። ያ አየር መሬት ላይ ሲደርስ በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ቤቱን የሚያናውጠው እሱ ነው። አንዳንዴ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል።

ለልጅዎ ይህን ይንገሯት፦ ሰሜን ምዕራቡ ሲጠቁር ቤት ትግባ። ዛፍ ሥር አትጠለል። ቶሎ ያልፋል።

«እውነት ሰው ይገድላል?» (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

አዎ። ከእነዚሁ ደመናዎች አንዳንዴ ቶርኔዶ (ከደመናው እስከ መሬት የሚሽከረከር ኃይለኛ ነፋስ) ይወጣል። በ1981 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ባንግላዴሽ፣ ማኒክጋንጅ ላይ የወረደው 1,300 ያህል ሰው ገድሏል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ጎፓልጋንጅ በምትባል ቦታ ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን በረዶ ወርዶ 92 ሰው ሞተ። የቀርከሃና የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚኖር ድሃ ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው። ነፋስ ያነሳው ቆርቆሮ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ይህን ስጽፍ የእኛም ሰፈሮች ትዝ ይሉኛል።

«ጥቅም የለውም?»

አለው። ሙቀቱን ያበርደዋል፣ ሻይና ጁት (የጆንያው ተክል) ያጠጣል። ማንጎ ግን ሳይበስል ያረግፋል።

«ሳይክሎን አዲስ አበባ ይደርሳል?» (ከለገሃር)

አይደርስም። ሳይክሎን በሞቃት ባሕር ላይ የሚኖር፣ የሚሽከረከር ግዙፍ ወጀብ ነው፤ የብስ ሲወጣ ይዳከማል። እኛ ደግሞ ከባሕር ርቀን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ሳጋር የተባለው ሶማሌላንድንና ጅቡቲን በጎርፍ ሲመታ እዚህ ነፋሱ አልተሰማንም።

«ባለፈው በልግ የጣሪያችን ቆርቆሮ ተገነጠለ። ድንጋይ ጫኑበት አሉን፤ ጫንን። ይበቃል?» (ከፒያሳ፣ ከአሮጌ ቤት)

አይበቃም፤ አደገኛም ነው። የበልግና የክረምት መግቢያ ነፋሳችን የሚነሳውም ከዝናብ ደመና በሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነው። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በተለይ ጠርዙንና ማዕዘኑን። በር ወይም መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ተንሸራቶ ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የዛገውን ሚስማር አስነቅለው በጣሪያ ሚስማር ከነጎማው ያስመቱ፤ ጠርዙ ላይ ጠጋ ጠጋ ይበል። የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር። አናጺው ይህን ሥራ በበጋ ይጨርስ። ድንጋዮቹን ግን ዛሬውኑ ያስወርዷቸው።