«ተርብ እንድታጠና ነው ያስተማርኩህ?»

ከጅማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣

የሦስተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነህ። ጥገኛ ተርቦች፣ ማለትም እንቁላላቸውን በትል ውስጥ የሚጥሉት፣ ትል ከበላው በቆሎ የሚወጣውን ጠረን ተከትለው ትሉን እንደሚያገኙ ከተማርክ ወዲህ ሐሳብህ እዚያው ቀርቷል። አባትህ ግን «ተርብ እንድታጠና ነው ያስተማርኩህ? አካውንቲንግ በማታ ተማርና ባንክ ግባ» ብለውሃል።

መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ኦሞ ናዳ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ከገበሬው ጋር የበቆሎውን እምብርት እየከፈትን ትል በጣት እንለቅም ነበር። አንዱን ትል በጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ከቀናት በኋላ ደርቆ አገኘሁት፤ አጠገቡ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጭ ከረጢት ነበረች፤ ከእሷም ጉንዳን የምታክል ጥቁር ተርብ ወጣች። ቆይቶ ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ተርብ ይህን ተምች በአገራችን እንደምታጠቃ በጥናት ሲታወቅ ያ ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

በዚያ ሁሉ ማሳ ትሉን እንዴት አገኘችው? ተክሉ ጠርቷት ነው። ትሉ ሲበላ ከአፉ የሚወጣው ፈሳሽ ቁስሉን ሲነካው በቆሎው ተርቧን የሚስብ ጠረን ይለቃል። ቅጠሉን በምላጭ ብቻ ብትቆርጠው ያን ያህል አይለቅም። በፈሳሹ ውስጥ ካሉት ቀስቃሾች አንዱ፣ ቮሊሲቲን፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ተለይቷል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ተርብ የሚስብ ሣር ከበቆሎ ጋር አሰባጥረው ዘርተው ሞክረዋል። ለመድኃኒት መግዣ ብር ለሌለው ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አባትህን አከብራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። በአካውንቲንግ ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውለውን ወጣት ጅማ ከተማ ወጥተው ይዩት። የማታው ክፍያም አባትህ ከሚሸጡት ከዚያው ቡና ነው የሚወጣው። አንተም ብትሆን «በቀጥታ ማስተርስ እገባለሁ» ያልከውን አልደግፍም፤ ታናናሾችህ ገና ትምህርት ቤት ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት የልማት ሠራተኛ ሁን። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ለቤት የምትልከው አታጣም፣ ማሳውንም በእግርህ ታውቀዋለህ። ከዚያ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል አንኳኳ፤ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም ለዶክትሬት ተማሪዎች ሥልጠና ይሰጣል።

የሰጋህለት እንግሊዝኛህ በማንበብ ይስተካከላል። ማይክሮስኮፕ እስክታገኝ የእጅ አጉሊ መነጽር ይበቃሃል።

አሁን ግን ከአባትህ ማሳ ጥቂት ትሎች ለቅመህ እያንዳንዱን በየጠርሙሱ አስቀምጥ፤ እርስ በርስ ይበላላሉና አትቀላቅላቸው። የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ እሰር፣ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ስጣቸው። ከአንዱ ተርብ ከወጣ ጨርቁን ሳትፈታ አባትህን ጥራቸው።