አዲስ ገጥማችሁት አልነሳ ያላችሁ ዴስክቶፕ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

እሺ፣ ጥያቄ ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ "አይሠራም" ብላችሁ አትተዉት። ሦስት ዓይነት "አይሠራም" አለ። ቁልፉን ስትጫኑ ጭራሽ ጭጭ የሚል አለ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆን አለ። በርቶ ደግሞ ወዲያው የሚጠፋ አለ። የትኛው እንደሆነ ከነገራችሁኝ ግማሹ ሥራ አለቀ። ደግሞ ዕቃ ልትመልሱ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ የተገጠመ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አሰካኩ ላይ ነው፣ የሞተ ዕቃ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ጥያቄ፦ ገጥሜ ጨርሼ ቁልፉን ስጫን ምንም የለም። ፋን እንኳ አልዞረም። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ፣ አትደንግጥ። መጀመሪያ ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት ኃይል ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ያለችውን ማብሪያ እያት። በሰረዟ በኩል ነው መጫን ያለባት፣ በክቧ በኩል ከተጫነች ጠፍቷል ማለት ነው። አትሳቅ፣ በዚህች ምክንያት ሙሉ ኮምፒውተሩን ሲፈታታ የሚያድር ሰው አለ። ቀጥለህ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክረው፣ ማከፋፈያው ራሱ የሞተ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባለ 24 ፒኑን ትልቁን ኬብል ቀጭ እስኪል ግፋው። አዲስ ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ ጠንከር ይላል፣ ገባ ብለህ የተውከው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ መብራት በርታ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ግን የኬዙን ቁልፍ ጠርጥር። ከቁልፉ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ታችኛው ጥግ ላይ ካሉት ጥቃቅን ፒኖች ላይ ነው የሚሰኩት፣ በአንድ ፒን ከተንሸራተቱ አለቀ። ለማረጋገጥ ሽቦዎቹን ንቀልና ማኑዋሉ "ፓወር ስዊች" የሚላቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አገናኛቸው። ከተነሳ ዕቃህ ሁሉ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ቁልፉ ወይም አሰካኩ ላይ ነው። የቁልፉ ሽቦ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ አይልም፣ ገልብጠህ ብትሰካውም ይሠራል። የሚመርጡት የመብራቶቹ ሽቦዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን የምሞክርበት መንገድ አለ? ሽቦ አገናኝተህ ነው ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ አለ። መፍራትሽም ጥሩ ነው። ስፒናውን ነቅለሽ፣ ወደ ማዘርቦርድና ወደ ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሄዱትን ኬብሎች ሁሉ አላቂያቸው። ከባለ 24 ፒኑ ኬብል ላይ 16ኛውንና 17ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኚ። በድሮዎቹ አረንጓዴና ጥቁር ሽቦ ናቸው፣ አሁን ሁሉም ጥቁር ስለሆነ በሥዕል አይተሽ ቁጠሪ። ከዚያ ስፒናውን ሰክተሽ ማብሪያውን ስታበሪ ፋኑ ከዞረ ይነሳል ማለት ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲቀለው ፋኑን ሆን ብሎ ያቆማል፣ ስላልዞረ ሞቷል አትበዪ። ፋኑ ዞረ ማለት ደግሞ ጭነት ሲመጣበት ይችላል ማለት አይደለም። እና ቀፎውን ከፍተሽ ውስጡን አትነካኪ። ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ የሚያስደነግጥ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። ልጄ ከአሜሪካ ዕቃዎቹን ልኮልኝ የጎረቤት ልጅ ገጠመልኝ። አገር ቤት መብራቱ 220 ነው፣ የእነሱ 110 ነው ይሉኛል። ልሰካው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሳይሰኩ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡልኝ ወይም ልጁ ያንብብልዎ። "100-240" የሚል ካለ ሳይፈሩ ይሰኩ፣ ሁለቱንም ራሱ ይለያል። በዚህ ዘመን የሚሸጡት ደህና ደህናዎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ርካሾቹና የድሮዎቹ ላይ ግን ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ይኖራል። እሷ 115 ላይ ሆና እኛ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ጭሱንም ያዩታል። ካለ በካቻቢቴ ወደ 230 ይግፏት፣ ከዚያ ይሰኩ። 115 ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሰኩት።

ከአሜሪካ የመጣውን ስፒና ደግሞ በስልክ ቻርጀር መለወጫ አይሰኩት፣ መሬቱን አያገናኝም። የብዙ ሞኒተር ወይም የድሮ ዴስክቶፕ ገመድ ልክ ይገባል፣ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ፋኑም ራሙም ቀለም በቀለም ሆኖ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን "ሲግናል የለም" ይላል። ፕሮሰሰሬ ኮር አይ5-12400ኤፍ ነው።

መልስ፦ ኤችዲኤምአዩን የት ነው የሰካሽው? ላይ፣ ዩኤስቢዎቹ ጋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሰካሽው። የአንቺ ፕሮሰሰር ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው "ኤፍ" ውስጡ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ቀዳዳ ምስል ሊወጣ አይችልም። ወደ ግራፊክስ ካርዱ፣ ታች ወደተጋደመው አውርጂው። ራይዘን 5 5600 የገዛችሁም እንደዚሁ ናችሁ፣ ግራፊክስ ያለው 5600ጂ የሚባለው ነው።

ካርዱ ላይ ሰክተሽም ጥቁር ከሆነ ካርዱ የራሱ የኃይል ኬብል እንዳለው እዪ፣ ብዙዎቹ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ይፈልጋሉ። ከዚያ ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ "ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት" (ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ የሚነሳበት ዲስክ) የተጻፈባቸው አራት ጥቃቅን መብራቶች ካሉ የትኛዋ በርታ እንደቀረች ጻፊልኝ። ሲነሳ ተራ በተራ እየበሩ ይጠፋሉ፣ አንዷ ላይ ከቆመ ችግሩ እዚያ አካባቢ ነው። እነዚህን መብራቶች ሳያይ "ማዘርቦርዱ ሄዷል" የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ዲራም ላይ ቆመ። ራይዘን 7600 ነው፣ ሁለት ራም። ሁለት ደቂቃ ጠብቄ አጠፋሁት፣ እንደገናም እንደዛው።

መልስ፦ ቸኮልክ። ዲዲአር5 የሚባለው ዓይነት ራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ተለማምዶ ፍጥነቱን እስኪያስተካክል ጊዜ ይወስዳል፣ በተለይ ኤኤም5 በሚባለው የአንተ ዓይነት የፕሮሰሰር ሶኬት ላይ። ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ ራሙ ትልቅ ሲሆን ይብሳል። በመሃል ስታጠፋው ከሀ ነው የሚጀምረው። አብራውና ቡናህን ጠጣ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አትንካው። እስከዚያ ካልመጣ አጥፍተህ አንዱን ራም አውጣ፣ ሌላውን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም "ኤ2" በተባለው፣ አድርገህ ሞክር። ጎትተህ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ ስትመልሰው ማያያዣው ራሱ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። አራት የራም ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ፣ ሁለት ራም ያለው ሰው ቦታው ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ብዙ ሰው ጎን ለጎን ይሰካቸዋል።

ጥያቄ፦ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ የራሙን ፍጥነት ከፍ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

መልስ፦ ሲሞስ አጽዳ፣ የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበት ነው። ስፒናውን ነቅለህ ያቺን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ አውጥተህ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተህ መልሳት። ቅንብሩ ሁሉ ፋብሪካው እንዳወጣው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኔ ይበራል፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠፋል፣ ራሱ ይበራል፣ ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ማዘርቦርድ ቀይሪ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብ አታውጪ። ገና ምንም አልተሞከረም። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል እዪልኝ።

አንደኛ፣ ከላይ ግራ ጥግ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለ 8 ፒን የኃይል ኬብል አለ። ከትልቁ ኬብል የተለየ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልብ በይ፣ የግራፊክስ ካርዱም ኬብል ባለ 8 ነው፣ ግን ቅርጻቸው ይለያያል። የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት። አልገባ ካለሽ አትግፊው፣ የሌላው ነው።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነቱን ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ መብራቱንና መጥፋቱን ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ኬዙ ውስጥ ማዘርቦርዱ የሚያርፍባቸው ቢጫ ነሐስ የሚመስሉ ረዘም ያሉ ብሎኖች አሉ። ማዘርቦርዱን ከኬዙ ብረት አርቀው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ኬዙ ለትልቅ ማዘርቦርድ ተዘጋጅቶ ሲመጣ፣ የአንቺ ደግሞ አነስ ያለው ማይክሮ ኤቲኤክስ ከሆነ፣ ከታች ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ትርፍ ብሎን ቆሞ ይቀራል። ያ ብሎን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ካሉት የብየዳ ጫፎች አንዱን ከነካ ሾርት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱን ሲያይ ራሱን ያጠፋል፣ መልሶ ይሞክራል፣ ያጠፋል። የወደቀ ትንሽ ብሎንም እንዲሁ ያደርጋል፣ ኬዙን አዘንብለሽ ነቅንቂው፣ የሚንኳኳ ካለ እሱ ነው።

ሦስተኛው ማረጋገጫው ነው። ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተሽ የመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጪው። የብር ቀለም ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ላይ አይደለም፣ እሱ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ሁለቱ የኃይል ኬብሎች፣ በቃ። ግራፊክስ የሌለው ፕሮሰሰር ከሆነ ካርዱም ይጨመራል። ሃርድ ዲስክ የለም፣ የኬዝ ፋን የለም። ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ነክተሽ አስነሺው። ካርቶን ላይ ተነስቶ ኬዝ ውስጥ ካልተነሳ ዕቃሽ ጤነኛ ነው፣ ሾርቱን ነው የምትፈልጊው። ካርቶንም ላይ ካልተነሳ ያኔ ስለ ቅያሪ እናወራለን።

ጥያቄ፦ የኔ ባዮስ ድረስ ይገባል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጠፋል።

መልስ፦ ሙቀት ነው። ባዮሱ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት አንብብ፣ ምንም ሳይሠራ 90 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ማቀዝቀዣው አልነካውም ማለት ነው። ፈትተህ ሥሩን እይ፣ ያቺ "ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ" የምትል ላስቲክ እዚያው ካለች ጥፋተኛዋ እሷ ናት። የኢንቴል ማቀዝቀዣ ከሆነ አራቱን እግሮች በሰያፍ እያፈራረቅህ ቀጭ እስኪሉ ጫናቸው፣ ከማዘርቦርዱ ጀርባ አራቱም ወጥተው መታየት አለባቸው። ሦስቱ ብቻ ገብተው አንዱ የተንጠለጠለ በጣም የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ቢ660 ማዘርቦርድና 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ገዛሁ። ሶኬቱ አንድ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ አይነሳም።

መልስ፦ ሶኬቱ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ቢ660 ግን የወጣው ከ12ኛው ትውልድ ጋር ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ ከሆነ ባዮሱ ፕሮሰሰርህን አያውቀውም። መታደስ አለበት። ከኋላ "ፍላሽ ባዮስ" ወይም የመሰለ ቁልፍ ካለው ያለ ፕሮሰሰርም ይታደሳል፦ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርግ፣ ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ አውርድ፣ ስሙን ማኑዋሉ እንዳለው ቀይር፣ ምልክት ያለበት ዩኤስቢ ላይ ሰክተህ ቁልፉን ጫን። ቁልፉ ከሌለ የሸጠህ ሱቅ 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጭኖ ያድስልህ፣ ገዝተህ እንጂ ለምነህ አይደለም የምትጠይቀው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በእድሳቱ መሃል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጭራሽ አልነሳ ሊል ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ተዋስ።

ጥያቄ፦ ሲሠራ ነበር። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ አለ።

መልስ፦ ስፒናውን ንቀል፣ የኬዙን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል ይውጣ። ከዚያ መልሰህ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ካልተነሳ ከላይ የነገርኳትን የሽቦ ሙከራ አድርግ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠዋው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከአሁን በኋላ ደግሞ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ነቅለህ ቆይ፣ ሲመጣ ነው የሚዋዥቀው። ማከፋፈያ መከላከያ አይደለም። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ግዛ።

ጥያቄ፦ የአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አጠረኝ። የድሮው ኬብል ልክ ገባ፣ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገው ነው የሚያደርገው። 5 ቮልት የሚጠብቅ ዲስክ 12 ቮልት ሊገባበት ይችላል። ሃርድ ዲስክህን ከነፋይሎችህ ትሰናበታለህ።

ጥያቄ፦ ሁሉ ነገር በርቶ ባዮስ ላይ ቆመ። ዊንዶውስ አይመጣም፣ "የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም" ይላል።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ፣ ኮምፒውተርህ ሠርቷል! ዊንዶውሱን ገና አልጫንክበትማ። ከድሮ ኮምፒውተርህ ያመጣኸው ዲስክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባዮሱ ዲስኩን ያየው እንደሆነ እይ። ካላየው ኬብሉን፣ ወይም ኤም.2 (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው) ዲስክ ከሆነ ብሎኑን አጥብቅ። ካየው ግን የድሮው ዊንዶውስ አዲሱ ባዮስ በማይቀበለው በአሮጌው የአነሳስ ዘዴ (ሌጋሲ) የተጫነ ሊሆን ስለሚችል ፋይልህን ገልብጠህ በአዲስ ጫንበት።

ጥያቄ፦ ካርቶን ላይም ሞከርኩት፣ የነገርካትን ሁሉ አደረግኩ። አልተነሳም። አሁንስ?

መልስ፦ አሁን ፕሮሰሰሩን አውጥተህ የማዘርቦርዱን ሶኬት በስልክህ መብራት በጎን በኩል አብራበትና እይ። ኢንቴል ወይም ኤኤም5 ከሆነ ፒኖቹ እዚያ ናቸው፣ ራይዘን 5600 ዓይነት ከሆነ ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ ናቸው፣ በተርታ ማብረቅ አለባቸው፣ አንዷ ለብቻዋ ጨለም ካለች ወይም ወደ ጎን ካዘነበለች ተጣማለች። በጣትህ አትንካት፣ ፎቶ አንሳ። ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ይዘህ ወደ ገዛህበት ሱቅ ሂድ፣ ፊትህ እንዲሞክሩት ጠይቅ፣ አንድ በአንድ በሚሠራ ዕቃ እየተኩ። የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን ይዘህ ሂድ፣ እሱ ከሌለ ብዙ ሻጭ መልሶ አይቀበልም።